አሻንጉሊት ያልሆነች ትንሽ መኪና

ማይክል ፖል ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ የሞተው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ይህ ሰው «ኤልጂን ፓርክ» የሚል ስም ያወጣላትን፣ በየትኛውም ካርታ ላይ የሌለች ከተማ በፎቶግራፍ ፈጥሯል። ፎቶዎቹን የሚያይ ሰው በ1950ዎቹ አሜሪካ፣ አንድ ጸጥ ያለ ሰፈር ውስጥ የተነሱ ናቸው ብሎ ሳይጠራጠር ያልፋቸዋል። መኪኖቹ ግን ርዝመታቸው ከአንድ ስንዝር እምብዛም የማይበልጥ፣ ከእውነተኞቹ 24 ጊዜ ያነሱ ሞዴሎች ናቸው። ሱቆቹንና ቤቶቹን በገዛ እጁ ሠርቷቸዋል። ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ ሞዴሎቹን ይደረድራል፣ ጠረጴዛውን ከበስተጀርባ እውነተኛ ዛፍና ቤት በሚታይበት ቦታ ያቆመዋል፤ ከዚያ ርቀቱን አስተካክሎ በተራ ዲጂታል ካሜራ ያነሳል። የኮምፒውተር ቅንብር የሚባል ነገር የለበትም።

የፎቶ ጋዜጠኝነት ለምንማር ሰዎች ይህ ሰው ጥሩ የክርክር ርዕስ ይወጣዋል። የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለ ፎቶው ሳይሆን ፎቶው ውስጥ ስለቆሙት ዓይነት ትንንሽ መኪኖች ነው። አንዲት ሞዴል አሻንጉሊት መምሰሏን ትታ መኪና የምትመስለው መቼ ነው? ብዙ ሰው «ዝርዝር ሲበዛባት» ብሎ ይመልሳል። እኔም ስለ ሙያው ማንበብ ከመጀመሬ በፊት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ከብዛቱ ይልቅ ከልኩ ጋር የተያያዘ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስኬል ትንሽ ልበል። ተገጣጣሚ ሆነው በሳጥን የሚሸጡት የፕላስቲክ ሞዴሎች በአብዛኛው 1/24 ወይም 1/25 ናቸው። ለሰብሳቢዎች ከብረት የሚሠሩት ትንንሾቹ ደግሞ 1/43 ናቸው፤ ይህቺ እንግዳ የሆነች ቁጥር የመጣችው ከአሻንጉሊት ባቡር ነው፤ እንግሊዞቹ የእውነተኛውን ባቡር አንድ ጫማ በ7 ሚሊሜትር ሲመነዝሩት 1/43 አካባቢ ይደርሳል። እንግዲህ እኛ በደንብ የምናውቃትን መኪና እንውሰድና እናስላ። ላዳ 2101 ርዝመቷ 4,073 ሚሊሜትር ነው። በ1/24 ስትሠራ ወደ 17 ሳንቲሜትር፣ በ1/43 ደግሞ 9 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ትሆናለች። እስከዚህ ድረስ ማንም አይሳሳትም።

ችግሩ የሚጀምረው ውፍረት ላይ ነው። የእውነተኛ መኪና ቆርቆሮ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ 0.8 አካባቢ ነው። የሞዴሏ ፕላስቲክ ግን ተቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ስለሚፈስ ከዚያ በላይ መወፈር ግድ ይለዋል፤ 1.2 ሚሊሜትር ነው ብንል በ24 ስናባዛው 29 ሚሊሜትር ይመጣል። አስቡት እስቲ፤ ወደ 3 ሳንቲሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው በር! ይሄ ካዝና እንጂ ታክሲ አይደለም። ዓይናችን ይህንን ቁጥር አያሰላም፤ ግን በመስኮቱ ጠርዝና በጎማው ቅስት ላይ ያለውን ውፍረት ያያል፤ ወዲያውም «አሻንጉሊት ነች» ይላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሞዴል ሠሪ ምንም ነገር ከመጨመሩ በፊት ይቀንሳል። የመስኮቱን ፍሬም፣ የጎማውን ቅስትና የፓራውልቱን ጫፍ ከውስጥ በኩል በምላጭና በብርጭቆ ወረቀት እየፋቀ ያሳሳቸዋል። መላውን አካል ማሳሳት አያስፈልግም፤ ጠርዙ ከሳሳ ዓይን የቀረውን ራሱ ይሞላዋል።

ከዚህ በኋላ ነው ከባዶ መሥራት የሚባለው የሚመጣው። ከሳጥኑ ውስጥ ያልተገኘውን ወይም ተገኝቶም ያላማረውን ዕቃ ከጥሬ ነገር መሥራት ማለት ነው። ዋናው ጥሬ ዕቃ ነጭ የፖሊስቲሪን ፕላስቲክ ነው፤ ከሩብ ሚሊሜትር ጀምሮ በተለያየ ውፍረት በወረቀት፣ በዘንግና በቱቦ መልክ ይሸጣል። በምላጭ ጫር አድርገው ሲያጥፉት ቀጥ ብሎ ይሰበራል። የሚያያዝበት ፈሳሽ ደግሞ እንደ ተራ ማስቲሽ መሃል ገብቶ የሚያጣብቅ ሳይሆን የሁለቱንም ፕላስቲክ ፊት አሟሙቶ አንድ የሚያደርግ ነው። ቀዳዳው በስቱኮ ይሞላል፤ ይደርቅና ይፈገፈጋል። ባትላሜራ ጋራዥ የገባ ሰው ይህንን ሥራ አይቶታል ማለት ይቻላል፤ መዶሻው ብቻ ነው የቀረው።

በጣም ደስ ያለኝ ዘዴ ግን የሻማው ነው። በተገጣጣሚ ሞዴል ውስጥ ክፍሎቹ ሁሉ ተያይዘው የሚመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ አለ፤ ክፍሎቹ ከተቆረጡ በኋላ የሚጣል ነገር ነው። ይህንን ዘንግ ሻማ እሳት አናት ላይ ትንሽ ከፍ አድርጎ እያሽከረከሩ ሲያለሰልሱትና ከእሳቱ አውጥተው ሲስቡት እንደ ፀጉር ይቀጥናል። ቀስ ብሎ የሳበ ወፍራም፣ ፈጠን ብሎ የሳበ ቀጭን ያገኛል። አንቴናው፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ያለው የዝናብ ውኃ መውረጃ፣ የዝናብ መጥረጊያው ክንድ፣ ሁሉም ከዚህ ይወጣሉ። ግልጽ ከሆነ ፕላስቲክ ከተሳበ ደግሞ ጫፉን እሳት ሲነካው ይሰበሰብና ትንሽ የመብራት አምፖል ይሆናል።

ሽቦ ላይ ሲደርስ ስሌቱ ይመለሳል። ወደ ካንዴላ የሚሄደው ኬብል በእውነተኛው ሞተር 7 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ በ1/24 0.3 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የስልክ ሽቦ መዳቡ ብቻ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን፣ በሞዴሏ ልክ የ12 ሚሊሜትር ገመድ ሆነ ማለት ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ የውኃ ቱቦ የተጠመጠመበት የሚመስልባቸው ሞዴሎች አሉ፤ ሠሪው ለፍቷል፣ ግን አልለካም። የጊታር ቀጭኗ ክር 0.23 ሚሊሜትር ናት፤ እሷ ትሻላለች። ከመብራት ገመድ ውስጥ የሚወጡት የመዳብ ክሮች ደግሞ ለፍሬን ቱቦ ልክ ይሆናሉ።

የሚያብለጨልጨው የመስኮትና የፓራውልት ጌጥ ሌላው ፈተና ነው። በብር ቀለም ከተቀባ ግራጫ ይመስላል እንጂ ኒኬል አይመስልም። ስለዚህ ጀርባው ማጣበቂያ ያለው፣ ከቀለም ንብርብር የማይወፍር የአሉሚኒየም ልባስ ይጠቀማሉ። ጌጡ ላይ ያለብሱታል፣ በጥጥ ያሻሹታል፣ ትርፉን በአዲስ ምላጭ ይቆርጡታል። አዲስ ምላጭ የምለው በምክንያት ነው፤ የዶለዶመ ምላጭ ልባሱን ከመቁረጥ ይልቅ ይቀድደዋል። ስለ መቀመጫ ቀበቶ፣ ስለ ምንጣፍና ስለ መሰሎቹ ብዙ አልልም፤ ሪባን፣ ወረቀትና የጨርቅ ብናኝ ይበቃቸዋል።

ቀለም ግን ዝም ተብሎ አይታለፍም። ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ከእውነተኛው መኪና የተቀዳው ትክክለኛ ቀለም ትንሽ ነገር ላይ ሲቀባ ጠቆር ብሎ ይታያል። እውነተኛ መኪና የምናየው ከርቀት፣ ብዙ ብርሃንና አየር በመሃል ኖሮ ነው፤ ሞዴል ግን አፍንጫችን ሥር ነው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ሠሪዎች ጥቂት ነጭ ጠብ የሚያደርጉበት። ሁለተኛው የሚያንጸባርቀው የሜታሊክ ቀለም ነው። በቀለሙ ውስጥ ያለው የብረት ብናኝ ለትልቁ መኪና የተፈጨ ስለሆነ በሞዴል ላይ ሲረጭ እያንዳንዱ ቅንጣት 24 ጊዜ የጎላ ያህል ይሆናል፤ መኪናዋ ብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለች ትመስላለች። በእርግጥ ላዳን ለሚሠራ ይህ አያስጨንቀውም።

«ይሄ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። አንዳንድ ጓደኞቼም ብለውኛል። መልሱን ከታሪክ ልጥቀስ። የጄኔራል ሞተርስ የመኪና አካል ሠሪ ክፍል የሆነው ፊሸር ቦዲ እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1968 ለአሜሪካ ታዳጊዎች የሞዴል ውድድር ያካሂድ ነበር። ሽልማቱ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወጪ ነው። መጀመሪያ የሚሠሩት በናፖሊዮን ዘመን የነበረ ዓይነት የፈረስ ሠረገላ ነበር፤ እንጨቱን መፈልፈል፣ ብረቱን መቀጥቀጥ፣ የመቀመጫውን ጨርቅ መስፋት የልጁ ሥራ ነው። በኋላ ራሳቸው የነደፉትን መኪና በ1/12 ስኬል መሥራት ተጨመረ። ውድድሩ ለወንዶች ብቻ ነበር፤ ምን ያህል ጎበዝ ሴት ልጆች ከደጅ እንደቀሩ ማን ያውቃል። በ1947 ካሸነፉት አንዱ ቻርልስ ጆርዳን የሚባል ልጅ ነው። ይኸው ልጅ አድጎ በ1986 የዚያው የጄኔራል ሞተርስ የዲዛይን ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ፋብሪካው ዋንጫ እያደለ ሲመለምል የነበረው የሚያይ ዓይንና የሚታዘዝ እጅ ነበር ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

በእጅ መሥራቱ ወደ ገበያ የገባውም በዚያው ዘመን ነው። ኤ.ኤም.ቲ. የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1958 «ሦስት በአንድ» የሆኑ ተገጣጣሚዎች አወጣ፤ አንዱን ሳጥን የገዛ ልጅ መኪናዋን እንደ ፋብሪካው፣ ወይም እንደ እሽቅድምድም መኪና፣ ወይም በራሱ ምርጫ አስጊጦ ሊሠራት ይችላል። አንዱን ሲመርጥ የሁለቱ ዕቃ ይተርፋል። የተረፈው አይጣልም፤ ካርቶን ውስጥ ይጠራቀምና የሌላ መኪና ዕቃ ይሆናል። በሌላው ጫፍ ደግሞ እንግሊዛዊው ጄራልድ ዊንግሮቭ አለ፤ እሱ ከሳጥን ምንም ሳይወስድ ዕውቅ የድሮ መኪኖችን በ1/15 ከብረት ሠርቷል፤ ባለ ሽቦ ጎማዎቹን ሳይቀር ሽቦ በሽቦ ነው የወጠራቸው።

አሁን ስሪዲ ፕሪንተር መጥቷል። ቸርኬ፣ ሞተር፣ መሪ፣ የፈለጉት ታትሞ ይወጣል። አንዳንድ አንጋፋ ሠሪዎች ሙያው ሞተ ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ ማተሚያው የሚያትመው የለካችሁትን ነው፤ ያላያችሁትን አያትምላችሁም።

ወደ ላዳዋ ልመለስ፤ ሳልጠራት የማልወጣው ለዚህ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ልጆች ከሽቦና ከሰርዲን ጣሳ መኪና ሲሠሩ፣ ጎማውን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ወይም ከቆርኪ ሲያወጡ ያላየ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ያ ከባዶ መሥራት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ልኩ ላይ ነው ልዩነቱ። ላዳን በ1/43 በብረት የሠሩ ፋብሪካዎች በሶቪየት ኅብረት ጊዜም ነበሩ። እነሱ የሠሯት ግን ከፋብሪካ በር የወጣችውን ላዳ ነው። የአዲስ አበባዋ ላዳ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖራለች። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታለች፣ ፖርቶ መጋላ ተጭኖባታል፣ ፓራፋንጎዋ ስቱኮ ጠጥቷል፣ አንዱ በሯ ከሌላ ላዳ የመጣ ስለሆነ ሰማያዊው ትንሽ ይለያል፣ ማርሚታዋ በሽቦ ታስሯል። ይህንን ሁሉ ከአንድ ሳጥን ውስጥ አላገኘውም። እነዚህ መኪኖች ደግሞ ከመንገድ እያነሱ መጥተዋል። ፎቶ ይቀራል እንል ይሆናል፤ ፎቶ ግን የፖርቶ መጋላው ብረት ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ አይነግረንም። ሜትርና ደብተር ይዞ፣ ሹፌሩን አስፈቅዶ የለካ ሰው ነው የሚያውቀው።

መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ ክሩስኮቱ ላይ ያለውን ጸጉራም ምንጣፍ ከፎጣ ሳይሆን ከቬልቬት ቁራጭ ሥሩት፤ የፎጣ ክር በ1/24 ሣር ነው የሚመስለው። ሰሌዳው ነጭ ሆኖ ኮድ 1 በቀይ ይጻፍ። የመስኮት ማውረጃ እጀታ አንድ ብቻ ይበቃል፤ 5 ሚሊሜትር አድርጋችሁ ከተሳበ ፕላስቲክ አውጡትና ክሩስኮቱ ላይ አስቀምጡት። በሦስቱ በሮች ላይ ባዶው ዘንግ ብቻ ይቁም፤ መስኮት መክፈት የፈለገ ተሳፋሪ ሹፌሩን ይጠይቅ።