የጠቆረውን ጠገራ አትፈግፍጉት

መርካቶ ምናለሽ ተራ ቆራሌው ከየሰፈሩ ለቅሞ ያመጣው ሁሉ የሚራገፍበት ነው። ከአሮጌ ቁልፍና ከተጣመመ ማንኪያ መሐል አንድ የምኒልክ አላድ ወይም የጠቆረ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ብቅ ቢል አይገርምም። እንዲህ ያለ ገንዘብ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያምረው ማጽዳት ነው፤ ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና ይፈልጋል። እባካችሁ ተዉት! ምክንያቱ ራሱ ደስ የሚል ትምህርት ነው።

ማርያ ቴሬዛ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከመቶው 83 እጅ ንጹሕ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። እሱን እንዲተካ ታስቦ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ የተቀረጸው የአፄ ምኒልክ ብርም በክብደትም በጥራትም ይቀራረበዋል። ብር አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲዋሐድ ላዩ ይጠቁራል። ጥቁረቱ ከውጭ የተለጠፈ እድፍ ሳይሆን የተለወጠው የብሩ የራሱ ገጽ ነው። ስለዚህ ጥቁረቱን ስትፈገፍጉ ብሩንም አብራችሁ ታነሳላችሁ። አመዱ ይጭረዋል፣ ሎሚው መዳቡን ይበላል፤ በምኒልክ ብር ላይ ያለው የአንበሳው ጋማና የፊደሉ ጠርዝ ቀድመው ይጠፋሉ። እንዲህ የተፈገፈገውን ሰብሳቢ ወዲያው ያውቀዋል፤ ዋጋውም ይወርዳል።

በአክሱም ሳንቲም ላይ ጉዳቱ ይብሳል። አንዳንዶቹ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች በንጉሡ ራስ ዙሪያ ስስ ወርቅ ተለብጠዋል። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አፈር ውስጥ የቆየ ወርቅ በአንድ ብሩሽ ሊረግፍ ይችላል። ደግሞም ይህ ቅርስ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

እሺ፣ ካላጸዳነው በምን እናስቀምጠው? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ለስላሳ፣ የሚተጣጠፍ፣ አዲስ ሲሆን የሚሸት ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ነው። እያረጀ ሲሄድ አሲድ ይለቃል፤ ሳንቲሙ ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይወጣል። ዕቃ ስትገዙ ገልብጣችሁ ሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ያለውን ቁጥር እዩ። 3 ከሆነ ፒቪሲ ነው፣ እለፉት፤ 1፣ 2፣ 4 ወይም 5 ከሆነ ይሻላል። ጠንካራ የአክሪሊክ መያዣ ካገኛችሁ እሱ ይመረጣል። እያንዳንዱ ሳንቲም ለብቻው ይቀመጥ። የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ፣ ሱፍ፣ ጋዜጣና ካርቶን ድኝ ወይም አሲድ ስላላቸው አታስጠጓቸው።

አረንጓዴው ልጋግ ቀድሞ ከወጣስ? ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ሳትፈገፍጉ ንከሩት፤ ይህም መስኮት ተከፍቶ፣ ከእሳት ርቆ ይሁን። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ሌላ ነገር ስለሚቀላቀልበት ለዚህ አይሆንም።

ከዚያ ክረምት አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበቱ መዳቡን ወደ አረንጓዴ ዝገት ይገፋዋል፤ የቆርቆሮ ቤት ደግሞ ቀን ሞቆ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ዕቃው ላይ ላብ ያወጣል። መድኃኒቱን መርካቶ በነጻ ይሰጣችኋል፦ በጫማ ካርቶን ውስጥ ያለችው ትንሽ ከረጢት ሲሊካ ጄል ናት፣ እርጥበት ትመጥጣለች። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጨምሩና እርጥበት ስትጠግብ በአዲስ ቀይሩ። ሳጥኑ ከውጭው ግድግዳና ከጣሪያው ይራቅ። ሳንቲሙንም በታጠበና በደረቀ እጅ፣ ጠርዙን ብቻ ያዙት፤ ላባችን ጨውና ቅባት አለውና አሻራችሁ ላዩ ላይ ታትሞ ይቀራል።

መጨረሻው መዝገብ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ በተነሳው እሳት የስንቱ ነጋዴ ንብረት እንደወደመ እናስታውሳለን። ፊቱን፣ ጀርባውንና ጠርዙን ፎቶ አንሱ፤ ክብደቱን፣ ዓመተ ምሕረቱንና ከማን እንዳገኛችሁት ጻፉ፤ ቅጂውን ሌላ ቤት አኑሩ። ከማን እንደመጣ ሳንቲሙ ራሱ አይናገርምና ታሪኩን የሚያተርፈው ጽሑፋችሁ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ የእናታችሁን ሣጥን ከፍታችሁ እዩ። ጠገራው በላስቲክ ታስሮ ወይም በለስላሳ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከሆነ ፍቱት፤ ጥቁረቱን ግን አትንኩት።