ሳይዘጋ የተዘጋ የሚመስል አንጀት

አንድ የበደሳ አዛውንት ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ እንበል። ወደ ጭሮ ተወስደው ሆስፒታል በተኙ በሦስተኛው ቀን ሆዳቸው እንደ ከበሮ ይነፋል፤ ሰገራም አየርም መውጣት ያቆማል። በራጅ ሲታይ ትልቁ አንጀት በአየር ተወጥሯል።

በአገራችን ሐኪም በቅድሚያ የሚጠረጥረው የአንጀት መጠማዘዝን ነው። ይህ በኢትዮጵያ ትልቁን አንጀት ከሚዘጉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ሲሆን በጊዜ ካልተፈታ የደም ዝውውር ተቋርጦ አንጀቱ ይሞታል። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ መጠማዘዝም ሆነ ዕጢ አይገኝም። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ሄኒጅ ኦግልቪ እንዲህ ያሉ ሁለት ሕሙማንን እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. ስለገለጸ ሕመሙ በስሙ ይጠራል። መንገዱ ክፍት ነው፤ የተዛባው አንጀቱን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ሥራ ነው። ስብራት፣ ቀዶ ሕክምና፣ የፖታሲየም ማነስና እንደ ሞርፊን ያሉ ማስታገሻዎች ለዚህ ያጋልጣሉ።

ታዲያ አየር ብቻ እንዴት ሰው ይገድላል? መልሱ ከፊዚክስ ትምህርታችን ይገኛል። በላፕላስ ሕግ መሠረት የአንድ ቱቦ ግድግዳ ውጥረት የሚወሰነው በውስጡ ባለው ግፊትና በሬዲየሱ ብዜት ነው። ግፊቱ በሁሉም ስፍራ እኩል ቢሆን እንኳ ከፍተኛው ውጥረት የሚያርፈው ሰፊ በሆነው ክፍል ላይ ነው፤ ይኸውም ትርፍ አንጀት የተያያዘበት ሲከም ነው። ስፋቱ ከ12 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ የመቀደድ አደጋው ያይላል።

ሆኖም ቢላዋ የመጀመሪያው ምርጫ አይደለም። ሕመምተኛው ምግብ ይከለከላል፤ በአፍንጫና በፊንጢጣ ቱቦ ይገባለታል፤ የጎደሉት ማዕድናት ይተካሉ፤ ማስታገሻው ይቀየራል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ካልተሻለው 2 ሚሊ ግራም ኒዮስቲግሚን በደም ሥር ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ብርቅ አይደለም፤ የማደንዘዣ ባለሙያዎች ጡንቻ የሚያዝሉ መድኃኒቶችን ለማርከስ ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. በታተመ የአሜሪካ ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱ 11 ሕሙማን 10ሩ ወዲያው ተንፍሶላቸዋል፤ ካልወሰዱት 10 ግን አንድም አልተነፈሰለትም። የልብ ምትን ስለሚያዘገይ አትሮፒን በቅርብ መኖር አለበት። ከሁሉ በላይ ግን አንጀቱ በእርግጥ የተዘጋ ከሆነ መድኃኒቱ በተቆለፈ በር ላይ እንደመግፋት ነውና ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ ሲቲ ስካን በሌለበት ሆስፒታል በራጅ የሚታይ ፈሳሽ በፊንጢጣ አስገብቶ መንገዱ ክፍት መሆኑን ማረጋገጥ ይቻላል።

ይህ ሁሉ ሳይሳካ ሲቀር፣ ወይም አንጀቱ ሲቀደድና ሲሞት ቀዶ ሕክምና ግድ ይሆናል። ሲከም ጤነኛ ከሆነ ቱቦ ገብቶለት አየሩ በሆድ ግድግዳ በኩል ይወጣል። የሞተ ክፍል ካለ ግን ተቆርጦ ይወገዳል። ሆድ ዕቃው በሰገራ በተበከለበት ሰዓት አዲስ ስፌት በቀላሉ ስለማይይዝ ብዙውን ጊዜ ጤነኛው ጫፍ በሆድ ቆዳ ላይ ወጥቶ ይቆይና ሕመምተኛው ካገገመ ከወራት በኋላ ይቀጠላል።