ቴሎን፦ ዛፍ በሌለበት ምድር ዛፍ ያበቀለ ወንዝ

በሰሜን ካናዳ፣ ከታላቁ ስሌቭ ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለው ሜዳ ድንጋይ፣ የድንጋይ ሽበት፣ ረግረግና ስፍር ቁጥር የሌለው ሐይቅ ነው። ዛፍ የለበትም። የቴሎን ወንዝ ይህን ሜዳ ሰንጥቆ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ቤከር ሐይቅ ይገባል፤ ውኃው ከዚያ ወደ ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል። ሸለቆው ነፋሱን ስለሚከልል፣ ስፕሩስ የተባለው የጥድ ዘመድ የደን ወሰን ከሚያበቃበት እጅግ ርቆ የወንዙን ዳር ይዞ ይበቅላል። ሙስ የሚባለው ግዙፍ የአጋዘን ዘመድም ዛፉን ተከትሎ እዚህ ድረስ ዘልቋል።

በዓመት የሚወርደው ዝናብና በረዶ ተደምሮ 300 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ነገር ግን ከሥር ያለው አፈር ዓመቱን ሙሉ በረዶ ስለሆነ ውኃው መስረጊያ ያጣና ላይ ይተኛል። አጭሩ በጋ በትንኝ የሚጥለቀለቀው በዚህ የተነሳ ነው። ካሪቡ የሚባሉት የሰሜን አጋዘኖች ሣር ትተው ነፋስ ወደሚበዛበት ጉብታ የሚወጡት ትንኙ መቆሚያ መቀመጫ ሲያሳጣቸው ነው።

ካሪቡ ኑሮው ጉዞ ነው። ቤቨርሊ የሚባለው መንጋ ክረምቱን ደቡብ ባለው ደን ያሳልፍና፣ ጸደይ ሲመጣ እርጉዞቹ ቀድመው ወደ ሰሜን ይነጉዳሉ። በሰኔ የምትወለደው ግልገል በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆማ ትሄዳለች። ወንዝ ሲሻገሩ ጀርባቸው ከውኃው በላይ ይታያል፤ የፀጉራቸው ውስጥ ባዶ ሆኖ አየር የያዘ ስለሆነ ያንሳፍፋቸዋል። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የኢኑይት አዳኞች መሻገሪያውን በትክክል ያውቁ ነበርና ቃያክ በሚባል በቆዳ በተለበጠ ጀልባ ሆነው ጦር ይዘው ይጠብቁ ነበር። የዓመቱ ስንቅ ይገኝ የነበረው ከዚያ ነው፤ መንጋው ካለፈ አለፈ።

እ.ኤ.አ. በ1926 እንግሊዛዊው ጆን ሆርንቢ ከሁለት ወጣቶች ጋር በቴሎን ዳር ጎጆ ቀለሰ። አንደኛው የ18 ዓመቱ ዘመዱ ኤድጋር ክርስቲያን ነበር። የደረሱት ግን አብዛኛው ካሪቡ ወደ ደቡብ ከሄደ በኋላ ነው። በ1927 ጸደይ ሦስቱም በረሃብ አለቁ። ታሪካቸው የታወቀው ኤድጋር ምድጃ ውስጥ ካኖረው የዕለት ማስታወሻ ነው። ማገዶ በእጃቸው፣ ወንዙ በደጃቸው እያለ ሞቱ፤ በቴሎን ቦታውን ማወቅ ብቻውን ነፍስ አያድንም፣ ጊዜውንም ማወቅ ያስፈልጋል።

ማስክ ኦክስ የሚባለው በሬ መሰል እንስሳ ግን እንደ ካሪቡ አይሰደድም። ረጅም ፀጉሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይወርዳል፤ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ሱፍ ሙቀት ሲመጣ እየረገፈ በአኻያ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ተኩላ ሲመጣ አይሮጥም፤ ጥጆቹን መሐል አድርጎ፣ ቀንዱን ወደ ውጭ ደግኖ ክብ ሠርቶ ይቆማል። ተኩላን የሚመልሰው ይኸው ዘዴ ጠመንጃ ፊት አንድ ላይ አስፈጀው። የጎሽ ቆዳ ከገበያ ሲጠፋ ነጋዴው ፊቱን ወደ ማስክ ኦክስ አዞረ፤ መንጋው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ካናዳ በ1917 አደኑን ከለከለች። ሆርንቢ በሞተበት በ1927 ደግሞ የቴሎን የዱር እንስሳት መጠለያ ተቋቋመ። እንዲከለል ቀደም ብሎ ካሳሰቡት አንዱ ራሱ ሆርንቢ ነበር። መጠለያው ዛሬ 52,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ማስክ ኦክሱም ተራብቶ ከወሰኑ ውጭ ተሰራጭቷል።