ስቲል ጊታር ላይ ያሉት መስመሮች እንዴት ይታተማሉ?



ጎረቤቱ ቤት ስቲል ጊታር ያየ አንድ ተማሪያችን፣ «ቲቸር፣ መስመሮቹን ማንም ካልነካቸው ለምን ይሳላሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ መልሱን ለሁላችሁም ላካፍላችሁ።

ስቲል ጊታር ጭን ወይም ማቆሚያ ላይ አጋድመው የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። የተጀመረው ሃዋይ ቢሆንም ለከተማችን እንግዳ አይደለም። ፎርት ዎርዝ፣ ክሪስታል ስፕሪንግስ ጭፈራ ቤት ይጫወት የነበረው የሚልተን ብራውን ባንድ በ1935 እ.ኤ.አ. ቦብ ደን የተባለውን የኤሌክትሪክ ስቲል ጊታር ተጫዋች ይዞ ሸክላ አስቀርጿል።

ተራው ጊታር አንገት ላይ ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን ብረቶች ተተክለዋል። ጣት ክሩን ሲጫነው ክሩ ብረቱን ይነካል። የስቲል ጊታር ተጫዋች ግን በግራ እጁ የብረት ቁራጭ ይዞ ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፤ ክሩ አንገቱን አይነካም። ስለዚህ መስመሮቹ የዓይን ምልክት ናቸው። አንገቱም ጠፍጣፋ ስለሆነ በሲልክ ስክሪን ለማተም ይመቻል።

ሥራው እንዲህ ነው፦

1. ፍሬም ላይ እንደ ወንፊት ያለ ስስ ጨርቅ ይወጠራል። ዱሮ ሐር ነበር፤ ዛሬ ፖሊስተር ነው።
2. ጨርቁ ብርሃን ሲያገኘው የሚጠነክር ፈሳሽ ተቀብቶ፣ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ይደርቃል።
3. ጥቁር መስመሮች ያሉበት ግልጽ ፕላስቲክ ተደርቦበት ኃይለኛ መብራት ይበራበታል። ጥቁሩ የሸፈነው ቦታ ስለማይጠነክር በውሃ ታጥቦ ይከፈታል።
4. ወንፊቱ አንገቱ ላይ ይቀመጥና ቀለሙ በጎማ መግፊያ ይሳባል። ቀለም የሚያልፈው በተከፈተው ቦታ ብቻ ነው።
5. ሲደርቅ ቫርኒሽ ይቀባል።

የጊታሩ አካል ላይ ያለው አበባና ስምም እንዲሁ ይታተማል። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ወንፊት ያስፈልገዋል።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ በጣም የምወደው ልኩን ነው። የክሩ ርዝመት 22.5 ኢንች ቢሆን ለ17.817 እናካፍላለን፤ የመጀመሪያው መስመር 1.26 ኢንች ላይ ይውላል። ቀጥሎ የቀረውን 21.24 ኢንች እንደገና ለ17.817 እናካፍላለን። እንዲህ እያልን ስንሄድ 12ኛው መስመር ልክ መሐል፣ 11.25 ኢንች ላይ ያርፋል። ሂሳብ የተማራችሁ ወላጆች የእርጅና ቅናሽ ትዝ ይላችኋል!

አበባው ትንሽ ቢንሸራተት ማንም ልብ አይለውም። መስመሮቹ ቢንሸራተቱ ግን እነሱን እያየ የሚለማመድ ልጅ ዜማው ይበላሽበታል፤ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎም ሊተወው ይችላል። ደግሞ ወንፊት ላይ የገባ ስህተት አንድ ቦታ አይቆምም። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ለምረቃችን ቲሸርት ስናሳትም «ምሩቃን» የሚለውን «ምሩቀን» ብለን ስላለፍነው ሁሉም ቲሸርት ላይ ወጣ! ከማተም በፊት ሁለቴ ማየት ይሻላል።

የኛ ማሲንቆ መስመር የለውም፤ ቦታውን የሚያገኙት ጣትና ጆሮ ናቸው። ጎበዝ የስቲል ጊታር ተጫዋችም መስመሩን ያይና መጨረሻ ላይ የሚያምነው ጆሮውን ነው።

የቤት ሥራ፦ ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው በስንት ኢንች ይርቃል? መልሱን በአማርኛ ጽፋችሁ በሚቀጥለው ክፍል ይዛችሁ ኑ። ወላጆች፣ እባካችሁ አግዟቸው እንጂ አትሥሩላቸው።

ቸር ሰንብቱ!