ጠብቆ ነው ላልቶ? የፍርድ ቤት ድምፅ ለምንገለብጥ ሰዎች የሚሆን ዕቃና ሶፍትዌር

«ልጁ ማታ ማታ ይመታል።» ከአንድ የስልክ መልእክት ሰምቼ የገለበጥኩት ዓረፍተ ነገር ነው። ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው ልጁ ሌላ ሰው እንደሚመታ አድርጌ ጻፍኩት። ረቂቁን ያነበበው ጠበቃ «ማንን ነው የሚመታው?» ብሎ ጠየቀኝ። ደንግጬ በጆሮ ማዳመጫ ደግሜ ሰማሁት። «መ» ጠብቃለች። ልጁ የሚደበደበው እንጂ የሚደበድበው አልነበረም።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መጀመሪያ የሰማሁት በላፕቶፑ ስፒከር ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ስመርጥ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቼ እንድሰማ ይረዳኛል ወይ?

አሜሪካ ፍርድ ቤት የገባችሁ፣ ትንሽ ማሽን ፊቷ አስቀምጣ የምትጽፍ ጸሐፊ አይታችሁ ይሆናል። በስቴኖ ማሽን ብዙ ቁልፎች በአንዴ ተጭነው አንድ ክፍለ ቃል ወይም ሙሉ ቃል በአንድ ምት ይጻፋል። የሙያ ማኅበራቸው ፈተና በምስክር ቃል በደቂቃ 225 ቃል ይጠይቃል። መሞከር ለሚፈልግ ፕሎቨር የሚባል ነፃና ክፍት ሶፍትዌር አለ። ጸሐፊዋ የምትይዘው ግን አስተርጓሚው የሚናገረውን እንግሊዝኛ ነው። የተቀዳ አማርኛ ማስረጃ ሆኖ ሲመጣ እንደ እኔ ያለ ሰው ይገለብጠዋል፣ ይተረጉመዋል፣ ለትክክለኛነቱም ይፈርማል።

ለዚህ ሥራ ውድ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ገንዘባችሁን መጀመሪያ ጆሮን ግጥም አድርጎ በሚዘጋ ባለ ሽቦ ማዳመጫ ላይ አውሉ። ቀጥሎ የእግር ፔዳል ግዙ፤ እግር ድምፁን ሲያቆምና ሲመልስ እጅ ከኪቦርዱ አይነሳም። ኤክስፕረስ ስክራይብ ከፔዳል ጋር ይሠራል። ለአማርኛ ጽሑፍ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ኪማን እጠቀማለሁ። አጠራጣሪ ቃል ሲገጥመኝ ኦዳሲቲ ላይ ከፍቼ ፍጥነቱን እቀንሳለሁ፤ የጠበቀው ድምፅ ረዘም ብሎ በሞገዱ ላይም ይታያል።

«ዊስፐር አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ አማርኛን ይዞ ነው የወጣው። ነገር ግን ሠሪዎቹ ራሳቸው ባወጡት ውጤት አማርኛ ከደካማዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። አንዳንዴ ያልተባለ ነገር አሳምሮ ይጽፋል፤ ፍርድ ቤት ውስጥ ይህ ከባዶ ቦታ ይብሳል። የምትሞክሩት ከሆነ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ጫኑት። የሰው ምስጢር ያለበትን ድምፅ ወደማታውቁት ሰርቨር አትላኩ።

ሞዴሉ ፍጹም ቢሆን እንኳ የሚጽፍልን ያንኑ «ይመታል» ነው፤ ፊደላችን መጥበቅን አያሳይምና። ዩኒኮድ ከፊደል በላይ የሚቀመጥ የማጥበቂያ ምልክት ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለው፦ «ይመ፟ታል»። እኔ አሁን በረቂቄ ላይ እጠቀምበታለሁ፤ ስተረጉም ጆሮዬ የሰማውን ዓይኔ አይረሳውም።

እናንተ ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። «ይመታል»፣ «ይሰማል»፣ «አለ»፣ «ገና» የመሳሰሉ ባለ ሁለት ንባብ ቃላትን ዝርዝር የያዘ፣ ጽሑፉ ውስጥ ሲያገኛቸው ቀለም የሚቀባና ሲጫኑት ድምፁን ከዚያችው ሰከንድ የሚያሰማ ትንሽ ፕሮግራም ሥሩ። ፍርዱን ለእኛ ተዉት፤ «እዚህ ጋ ደግመህ ስማ» ይበለን እንጂ። ያኔ ቢኖረኝ ኖሮ ጠበቃው ሳይጠይቀኝ እደርስበት ነበር።