ተጨማሪ መረጃ፦ ፒክአፑ ጃጓርን ሲቀድም

በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣችው ጃጓር ኢ-ታይፕ 265 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 7 ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። የመጀመሪያው ትውልድ ባለአራት ሞተር የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ሪቪያን አር ዋን ቲ ግን 835 የፈረስ ጉልበት ስላለው በ3 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። በቁንጅና ከሆነ ጃጓሯን የሚረታት የለም፤ በማፍጠን ግን ተቀድማለች። ይሁንና ማፍጠን የሒሳቡ ግማሽ ነው። ጃጓሯ ከ1.2 ቶን ብዙም አትዘልም፤ ፒክአፑ ከ3 ቶን ያልፋል። የእንቅስቃሴ ጉልበት ከመጠነ ቁስ ጋር እኩል ስለሚያድግ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት ፒክአፑን ለማቆም ከእጥፍ በላይ ጉልበት መወገድ አለበት። «ከባድ መኪና መንገዱንም አጥብቆ ስለሚጫን ሰበቃው ይጨምራል» የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው፣ የመቆሚያ ርቀቱ በክብደት ብቻ አይረዝምም። የሚወገደው ጉልበት ግን አይቀንስም። ፒክአፑ ከፊሉን በሞተሮቹ አማካይነት ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ የጃጓሯ ፍሬን ግን የደረሰውን ሁሉ ወደ ሙቀት ይቀይራል።