ንግግር፦ ከተናጋሪው አፍ እስከ አድማጩ ጆሮ

በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርቴን በምከታተልበት ጊዜ የመጀመሪያውን የምርምር ገለጻዬን እንዳቀርብ 20 ደቂቃ ተሰጠኝ። እኔም 38 ስላይድ አዘጋጅቼ ቀረብኩ። ንድፈ ሐሳቡን፣ የመሣሪያውን አሠራርና የስሌቱን ዝርዝር ስተነትን ሰብሳቢው ተነሥቶ ጊዜዬ ማለቁን ነገረኝ። የደረስኩት 22ኛው ስላይድ ላይ ነበር፤ ሁለት ዓመት የደከምኩበት ውጤት ግን 31ኛው ላይ ነበር። ከአድማጮቹ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። የሚጠይቁበትን ነገር መቼ ሰሙና!

ይህን የማነሣው በየዓመቱ በተመራቂዎቻችን ላይ ተመሳሳይ ነገር ስለማይ ነው። ለወራት በላቦራቶሪ የደከመ ተማሪ ሥራውን በ15 ደቂቃ ማስረዳት አቅቶት ከሚገባው በታች ውጤት ይዞ ይወጣል። ምክንያቱን ሲጠየቅም «እኔ አንደበተ ርቱዕ አይደለሁም» ይላል። ንግግር ግን እንደ ማናቸውም የላቦራቶሪ ሥራ የሚለመድ ሙያ ነው። ከአፍ የወጣ ቃል እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለመድረሱ ግን ብዙም አንጨነቅም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ የመድረስ ጉዳይ ነው።

የፋራዳይ ካርዶች

ሚካኤል ፋራዳይ (እ.ኤ.አ. 1791–1867) የአንጥረኛ ልጅ ሲሆን ያደገው በመጽሐፍ ጠራዥነት ሙያ ነው። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠም። ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲቲዩሽን በረዳትነት በተቀጠረበት በ1813 ለወዳጁ ለቤንጃሚን አቦት በጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን የሌሎችን ንግግር እንደ ተመራማሪ ሲመረምር እናገኘዋለን። የአዳራሹን ቅርጽ፣ የአየሩን መዘዋወር፣ የተናጋሪውን አቋምና ፍጥነት አንድ በአንድ ያነሣል፤ ማንኛውም ንግግር ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍም ይመክራል። በኋላም የአነጋገር መምህር ከነበረው ከቤንጃሚን ስማርት ትምህርት ወስዷል። ንግግር በሚያደርግበት ጊዜ ረዳቱ ፊት ለፊቱ «ዝግ በል» የምትል ካርድ ያቆምለት ነበር፤ ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ደግሞ «ጊዜ» የምትል ሌላ ካርድ ያሳየው ነበር። ይህ ሰው በተቋሙ የገና ሰሞን መድረክ ለወጣቶች 19 ጊዜ ተከታታይ ትምህርት ሰጥቷል። ፋራዳይ ካርድ ካስፈለገው ለእኛማ እንዴት አያስፈልገን?

ዝግጅት፦ አንዲት ዓረፍተ ነገር

ኮምፒዩተር ከመክፈታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንመልስ። አድማጩ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ቢሄድ የትኛዋን ይዞ እንዲሄድ እንፈልጋለን? «ስለ ፀሐይ ኃይል አቀርባለሁ» የሚለው ርእስ እንጂ መልእክት አይደለም። «የፀሐይ ፓነልን አቧራ በየሳምንቱ መጥረግ የሚገኘውን ኃይል እንደሚጨምር በመለካት አረጋግጫለሁ» የሚለው ግን መልእክት ነው። ይህች ዓረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ከሰፈረች በኋላ የቀረው ሁሉ በእርሷ ይመዘናል። እርሷን የማያግዝ ሥዕል፣ ቀመርም ሆነ ሠንጠረዥ ምንም ያህል ቢያምር ይወጣል።

ቅደም ተከተሉም ቀላል ነው፦ ጥያቄዬ ምን ነበር? ምን አደረግሁ? ምን አገኘሁ? ውጤቱን ግን እንደ ልብ ወለድ መጨረሻ ደብቆ ማቆየት አያስፈልግም። መግቢያው ላይ በአጭሩ ቢነገር አድማጩ ቀሪውን ወዴት እንደሚወስደው ያውቃል።

15 ደቂቃ የተሰጠው ተናጋሪ ለ12 ደቂቃ ይዘጋጅ። ልምምዱም ቆሞ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ ሰዓት ይዞ ይሁን። በልብ ማንበብ ከመናገር ይፈጥናልና በልብ የተለማመደ ሰው ራሱን ያታልላል። እኔን ያታለለኝም ይኸው ነበር።

ድምፅ፦ ምን ይደርሳል? ምን ይቀራል?

ገላጣ ሜዳ ላይ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር የድምፅ ጥንካሬ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ በ8 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው የሚደርሰው በ2 ሜትር ርቀት ላይ ያለው ከሚደርሰው 1/16 ያህሉ ብቻ ነው። በአዳራሽ ውስጥ ግድግዳና ጣራው ድምፁን እየመለሱ ያግዙናል፤ ይህ እገዛ ግን መዘዝም አለው፤ እንመለስበታለን።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ የፊደላቱ ነው። የአንድ ጎልማሳ ወንድ መሠረታዊ የድምፅ ድግግሞሽ በግምት 120 ኸርዝ ቢሆን የሞገዱ ርዝመት 2.8 ሜትር ያህል ነው። እንደ «ሰ» ያሉ ተነባቢዎች ግን ጉልበታቸው የሚገኘው በብዙ ሺህ ኸርዝ አካባቢ ነው፤ በ4000 ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 8.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ረጅሙ ሞገድ የተናጋሪውን ጭንቅላት በቀላሉ ዞሮ ያልፋል፤ አጭሩ ግን በጭንቅላቱ ይጋረዳል። እንግዲህ ወደ ጥቁር ሰሌዳ ዞሮ የሚናገር መምህር የድምፁ ጉምጉምታ ለተማሪዎቹ ሲደርስ ተነባቢዎቹ ከሰሌዳው ጋር ይቀራሉ። «መጣ»ን ከ«መታ» የሚለየው አንድ ተነባቢ ብቻ መሆኑን እናስታውስ። መፍትሔው ዝም ብሎ መጻፍ፣ ከዚያ ዞሮ መናገር ነው።

አማርኛችንም የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ግሡ የሚገኘው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፤ አዎንታና አሉታ የሚለዩትም እዚያው ነው። «በሁለቱ ናሙናዎች መካከል ልዩነት ተገኝቷል» እና «በሁለቱ ናሙናዎች መካከል ልዩነት አልተገኘም» እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ አንድ ናቸው። ትንፋሽ የሚያልቀውና ድምፅ የሚወድቀውም እዚያው ቃል ላይ ነው። በመሆኑም ዓረፍተ ነገራችንን ማሳጠር፣ የመጨረሻውንም ቃል ከመጀመሪያው ባላነሰ ድምፅ ማሰማት ይገባል።

አዳራሹ

በ1895 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የፎግ ሙዚየም የንግግር አዳራሽ ለማዳመጥ እጅግ አዳጋች ነበር። ወጣቱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን ምክንያቱን እንዲያጠና ታዘዘ። በአዳራሹ አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ 5.5 ሰከንድ ያህል ሲሰማ እንደሚቆይ ለካ፤ ማለትም ተናጋሪው ብዙ ቃላት አከታትሎ ሲናገር ሁሉም በአንድነት ይተራመሱ ነበር። ሳቢን ከሌላ አዳራሽ የመቀመጫ ትራሶች እያስመጣ በመደርደር ድምፁ የሚቆይበት ጊዜ ከአዳራሹ ይዘት ጋር እንደሚጨምር፣ ድምፅ በሚመጥጡ ነገሮች ብዛት ደግሞ እንደሚቀንስ አሳየ። ልብስ የለበሰ ሰውም ድምፅ ይመጥጣል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ በባዶ አዳራሽ የተለማመደ ሰው አዳራሹ ሲሞላ ድምፁ እንደሚለወጥ ይወቅ። ሁለተኛ፣ ባዶ ሲሚንቶና መስተዋት በበዛበት ክፍል መጮኽ አይረዳም፤ ጩኸቱ የሚያስተጋባውንም ያጎላዋልና። የሚረዳው ዝግ ማለትና በዓረፍተ ነገሮች መካከል ማረፍ ነው። አስቀድሞ ገብቶ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ የክፍሉን ጠባይ ይነግረናል።

የጥያቄው ሰዓት

ፍርሃት ለሁሉም ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮችና የመጨረሻዋን በቃል ማጥናት ብዙውን ያቃልለዋል። ጥያቄ ሲቀርብ ከመመለስ በፊት ለሁሉም እንዲሰማ እንድገመው። የማናውቀውን «አላውቅም» ማለትም መልስ ነው።

ከዚያች ቀን ስድስት ወር በኋላ ያንኑ ሥራ በ11 ስላይድ ደግሜ አቀረብኩት። ጥያቄው ከገለጻው ረዘመ። ከጠያቂዎቹ አንዱም እኔ ያላስተዋልኩትን የመለኪያ ስሕተት አሳየኝ። በመጀመሪያው ቀን ሰምተውኝ ቢሆን ኖሮ ያን ስድስት ወር በተሳሳተ መለኪያ ባልደከምኩ ነበር። ሳይንስ የሚታረመው ሲሰማ ነው፤ ንግግርን መማር የሚያስፈልገንም ለጭብጨባው ሳይሆን ለዚህ ነው።